ወዳጃና አበጋር፦ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ምርቃት

በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት ከሚጸልዩባቸው ሥርዓቶች አንዱ ወዳጃ ነው። ዝናብ ሲዘገይ፣ ሰው ሲታመም ወይም ጠብ ሲነሣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል። አዋቂው ዱዓ ሲያደርግ ታዳሚው «አሚን» ይላል፤ መንዙማ የተባለው የውዳሴ ዜማም ይዜማል። ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ፣ እንዲህ ያለው መካፈል እስከ የት ድረስ ይፈቀዳል የሚለው ነው።

ለዚህ መካፈል ምሳሌ የሚሆነው የጨፋ ሸለቆ በቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከሚሴን ማዕከሉ ባደረገው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ይገኛል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና ለግጦሽ የሚወርደው አፋር በገበያና በውኃ ይገናኛሉ። በዚሁ አስተዳደር ያለው የጥሩ ሲና የሱፊ መካን (ቅዱስ ስፍራ) ስለት ለማግባትና «ወፋ» በተባለው ዳኝነት ለመዳኘት የሚመጡ የሁለቱንም እምነት ተከታዮች ይቀበላል። በወሎ አበጋር የሚባሉት የዕርቅ ሽማግሌዎችም ደም የተቃባውን ሲያስታርቁ የባለጉዳዩን ሃይማኖት አይለዩም።

መካፈሉ ግን ወሰን አለው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ በሠርግም ሆነ በተዝካር ደጋሹ ለእንግዶቹ ለየብቻ ያሳርዳል። ሶላትና ቅዳሴም እንደተለያዩ ይኖራሉ። ልዩነቱ በግልጽ ስለሚታወቅ ማንም እምነቱን ሳይደብቅ ከሌላው ጋር መቀመጥ ይችላል።

ይህ ወሰን በጉልበት የፈረሰበት ዘመን ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገደዱ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ፣ የሃይማኖት መምህሩ ሼኽ ጦልሓ ግን በተቃውሞ ተነሡ። በመንግሥት ዘንድ የሙስሊም በዓላት ከክርስቲያኑ በዓላት እኩል ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው።

ዛሬ ተቃውሞው ከሁለቱም ወገን ይሰማል። አንዳንድ የእስልምና መምህራን በመካን መማጸንን ከተውሒድ (ከአምላክ አንድነት) ጋር አይስማማም ይላሉ፤ የኦርቶዶክስ መምህራንም ምእመናን በወዳጃ እንዳይገኙ ያስተምራሉ። በ2013 ዓ.ም. በዚሁ አስተዳደር ባለው በጅሌ ጥሙጋና በአጎራባቿ በአጣዬ የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ደግሞ የአበጋር ዕርቅ የፖለቲካንና የጦር መሣሪያን ኃይል ብቻውን እንደማይገታ አሳይቷል። ሽማግሌው የጎረቤትን ጠብ ያበርዳል፤ ሕዝብን ከጥቃት መጠበቅና አጥፊውን መጠየቅ ግን የመንግሥት ግዴታ ነው። ሁለቱ ሲደጋገፉ ወዳጃው የሚቀመጥበት ሰላም ይገኛል።