ከሥራ ጎን ለጎን ናኖቴክኖሎጂን መማር፦ የሚጠይቀውና የሚያስገኘው

ናኖቴክኖሎጂ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ መድኃኒት፣ ወደ ውኃ ማጣሪያ፣ ወደ ኤሌክትሮኒክስና ወደ መዋቢያ ምርቶች ገብቷል። ምርቶቹ ወደ አገር ሲገቡ የሚመዘግቧቸው፣ ጥራታቸውን የሚመረምሩትና ግዥያቸውን የሚያጸድቁት ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎች ናቸው። ይሁንና ረዘም ያለ የሥራ ልምድ ካላቸው ከእነዚሁ ባለሙያዎች መካከል በርካታዎቹ ከዩኒቨርሲቲ የወጡት ዘርፉ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ ሳያገኝ ነበር።

ይህን የዕውቀት ክፍተት ለመሙላት ሥራን ለቆ ለሁለት ዓመት ወደ ትምህርት ገበታ መመለስ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሠራተኛ የሚቻል አይደለም። በአንጻሩ ከሥራ ጎን ለጎን መማር ይቻላል። ሆኖም ትምህርቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ፣ በርቀት ሊገኝ የማይችለው ክፍል የትኛው እንደሆነና ለማን እንደሚበጅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የትንሹ ዓለም ሳይንስ

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የሰው የደም ቀይ ሕዋስ ስፋት 7 ሺህ ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ የዘር ቅንጣት የሆነው ዲኤንኤ ውፍረት 2 ናኖሜትር ገደማ ነው። ናኖቴክኖሎጂ በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው መጠን ቁስን የመሥራት፣ የመለካትና የመጠቀም ሙያ ነው።

መጠኑ ማነሱ ብቻውን ዘርፉን ልዩ አላደረገውም። ቁስ በዚህ ደረጃ ሲያንስ ጠባዩ ይለወጣል። ለአብነት ያህል ቢጫ ሆኖ የምናውቀው ወርቅ ወደ ናኖ ቅንጣት ሲለወጥና በፈሳሽ ውስጥ ሲበተን ቀይ መልክ ይይዛል። በተጨማሪም የገጽ ስፋቱ እጅግ ይጨምራል። በሁሉም አቅጣጫ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ አጠቃላይ የገጽ ስፋቱ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይኸው ቁራጭ 1 ናኖሜትር ወደሆኑ ጥቃቅን ቁራጮች ቢከፋፈል ግን የገጽ ስፋቱ ድምር 6 ሺህ ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት ጋር ይቀራረባል። ከሌሎች ነገሮች ጋር ያለው መስተጋብር የሚፈጥነውም፣ ጥቅሙም ሆነ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት የሚጨምረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሐሳቡ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 1959 ያደረጉት ንግግር ነው። ስያሜውን ያወጡት ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ኖሪዮ ታኒጉቺ ሲሆኑ፣ ይህም እ.ኤ.አ በ1974 ነበር። ገርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1981 አተሞችን አንድ በአንድ ለማየት የሚያስችል ማይክሮስኮፕ መሥራታቸው ዘርፉን ከሐሳብ ወደ ተግባር ያሸጋገረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1986 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እ.ኤ.አ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትም ኳንተም ዶት ለሚባሉት ናኖ ቅንጣቶች ግኝት የተሰጠ ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛው ምኑ ነው?

ዘርፉ ሩቅ ቢመስልም ውጤቱ በገጠር ጤና ኬላዎች ሳይቀር ይገኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለወባ ምርመራ በሚጠቀሙበት ፈጣን መመርመሪያ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር በአብዛኛው የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች መልክ ነው። እ.ኤ.አ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለኮቪድ-19 መከላከያ የተሰጡት የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶችም መልእክታቸውን ወደ ሕዋስ ያደረሱት በስብ ናኖ ቅንጣት ተጠቅልለው ነው። የፋይዘር ክትባት መጀመሪያ ላይ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ የሚያቀዘቅዝ ማከማቻ መጠየቁ ለጤናው ዘርፍ ኃላፊዎች ምን ያህል ፈተና እንደነበር የሚታወስ ነው።

የቁጥጥሩ ሥራ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዕውቀት ይሻል። የአውሮፓ ኅብረት ለምግብ ማንጫ የሚውለውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ በ2022 ከምግብ ውስጥ እንዲወጣ ወስኗል። ውሳኔው የተመሠረተው የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ቅመሙ በዘረመል ላይ ጉዳት አያደርስም ብሎ ማረጋገጥ እንደማይችል እ.ኤ.አ በ2021 ባቀረበው አስተያየት ላይ ሲሆን፣ ከታዩት ጉዳዮች አንዱ በቅመሙ ውስጥ ያሉ ናኖ ቅንጣቶች ነበሩ። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በበኩሉ ይህንን መደምደሚያ አልተቀበለም።

ሁለት የታወቁ ተቋማት በአንድ ቅመም ላይ ሲለያዩ፣ የሦስተኛ አገር ተቆጣጣሪ የአንዳቸውን ውሳኔ ገልብጦ መጻፍ አይበቃውም። ክርክሩ በምን ላይ እንደቆመ አንብቦ መረዳትና ለአገሩ የሚበጀውን መለየት ይጠበቅበታል። ይህ ካልሆነ ግን አቅራቢው «ናኖ» የሚል ቃል በማሸጊያው ላይ በማተሙ ብቻ ዋጋ ሊጨምር፣ ወይም ጥንቃቄ የሚያሻው ምርት ሳይመረመር ሊያልፍ ይችላል። በሁለቱም አቅጣጫ ተጎጂው ሕዝብ ነው።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጣል?

ለሠራተኞች ታስበው ከተዘጋጁት መርሐ ግብሮች መካከል በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተከታታይ ትምህርት ክፍል የሚያስተምራቸው ይጠቀሳሉ። ክፍሉ በናኖቴክኖሎጂ የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት፣ እንዲሁም ናኖቴክኖሎጂ ለሕክምናና ለጤና አገልግሎት የተሰኘ የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ለትርፍ ጊዜ ተማሪዎች አዘጋጅቷል። ተማሪው አብዛኛውን ክፍል ባለበት አገር ሆኖ በኢንተርኔት ይከታተላል፤ ለአጭር ጊዜ ደግሞ በአካል ተገኝቶ ይማራል። ለማስተርስ ዲግሪው የመመረቂያ የምርምር ጽሑፍ ይጠበቅበታል።

የሚጠይቀውን ጊዜ በቁጥር ማስላት ይቻላል። በእንግሊዝ የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት አንድ የማስተርስ ዲግሪ በተለምዶ 180 ክሬዲት ሲይዝ፣ አንዱ ክሬዲት በ10 የጥናት ሰዓት ይታሰባል። ይህም በድምሩ 1 ሺህ 800 ሰዓት ነው። በሁለት ዓመት ሲካፈል በሳምንት 17 ሰዓት ያህል ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰባት ሰዓት ለጥናት ማዋል ማለት ነው። የ60 ክሬዲት የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት በአንጻሩ 600 ሰዓት ይጠይቃል።

ይህ ስሌት ከቤተሰብ ጋር ሊመከርበት የሚገባ ነው። ለሁለት ዓመት የሚቀነሰው የተማሪው የዕረፍት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ልጆችን የማስጠናት፣ ወላጅን የመጠየቅና በማኅበራዊ ጉዳይ የመገኘት ጊዜም ጭምር ነው።

በስክሪን የማይተካው ክፍል

ናኖቴክኖሎጂን እንደ ሕግ ወይም እንደ አስተዳደር ሙሉ በሙሉ በንባብ መማር አይቻልም። ናኖ ቅንጣት በዓይን ስለማይታይ የዘርፉ መሠረት ልኬት ነው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን፣ የአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕንና የቅንጣት መጠን መለኪያዎችን ውጤት ማንበብ የሚለመደው በመሣሪያው አጠገብ ነው። የናሙናው አዘገጃጀት ሲበላሽ ውጤቱ እንዴት እንደሚያሳስት በተግባር ያላየ ባለሙያ፣ ከአምራች የቀረበለትን የላቦራቶሪ ሪፖርት ለመጠየቅ ይቸገራል። ስለዚህ ማንኛውም መርሐ ግብር ከመመረጡ በፊት የቤተ ሙከራ ጊዜ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

በአገር ውስጥም መነሻ አለ። እ.ኤ.አ በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ናኖቴክኖሎጂን ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱ አድርጎ ይዟል። በርቀት የሚማር ሠራተኛ ከእንዲህ ዓይነት ማዕከል ጋር በመሥሪያ ቤቱ በኩል ተነጋግሮ የተግባር ልምምድ የሚያገኝበት መንገድ ቢመቻች፣ ለጉዞ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስ ይቻላል።

ለዝግጅት የሚሆን ነፃ አማራጭም አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2002 የተጀመረው ናኖሃብ ትምህርቶችንና በኮምፒዩተር የሚሠሩ የናኖ ቁስ ማስመሰያዎችን ያለ ክፍያ ያቀርባል። ፊዚክስና ኬሚስትሪን ከተማረ ዓመታት ያስቆጠረ ባለሙያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ጥቂት ወራት በዚህ ቢጠቀም፣ የቀድሞ ዕውቀቱን ለማደስም ሆነ ፍላጎቱን ለመፈተን ይረዳዋል።

ለማን ምን ይበጃል?

ሁሉም ሠራተኛ የማስተርስ ዲግሪ አያስፈልገውም። የግዥ፣ የሕግና የዕቅድ ባለሙያዎች የዘርፉን ጽንሰ ሐሳብና የደኅንነት ጥያቄዎች የሚያስጨብጥ አጭር ሥልጠና ይበቃቸዋል። የመድኃኒት መዝጋቢ፣ የደረጃዎች ባለሙያና የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ግን ልኬትን የሚጨምር የሰርተፊኬት ትምህርት ቢወስዱ ይመረጣል። ማስተርስ ይበልጥ የሚጠቅመው የላቦራቶሪ ኃላፊዎችን፣ ተመራማሪዎችንና አገራቸውን በዓለም አቀፍ የደረጃ መድረኮች የሚወክሉትን ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ በ2005 ለናኖቴክኖሎጂ የተለየ የቴክኒክ ኮሚቴ ያቋቋመ መሆኑ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል።

ወደ ውጭ ተቋም የሚያመለክት ሠራተኛ የትምህርት ማስረጃው በአገር ውስጥ አቻ ግምት የሚያገኝ መሆኑን አስቀድሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት አለበት። የመግቢያ መስፈርቱን፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውንና ክፍያውን ደግሞ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ከተቋሙ በቀጥታ መጠየቅ ይበጃል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ሠራተኛው በራሱ ምሽት የሚማረው ትምህርት ለመሥሪያ ቤቱ እንዲጠቅም የኃላፊዎች እገዛ ወሳኝ ነው። በቅድሚያ የፈተናና የቤተ ሙከራ ቀናት ከዓመት ፈቃድ ዕቅድ ጋር ቢጣጣሙ ተማሪው በመካከል እንዳያቋርጥ ይረዳዋል። ቀጥሎም የመመረቂያው ምርምር ርዕስ ከመሥሪያ ቤቱ ችግር ቢነሳ ይመረጣል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር 1 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በአካባቢው ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ መጠን ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድን የሚይዙ ናኖ ቁሶች ዋጋቸውና ደኅንነታቸው ለገጠር ነዋሪ የሚመጥን መሆኑን የሚመረምር የውኃ ባለሙያ፣ ዲግሪ ከማግኘቱም በላይ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግል ውጤት ይዞ ይመለሳል።

በመጨረሻም የተማረው ሰው በተማረበት መመደብ ይኖርበታል። 1 ሺህ 800 ሰዓት ደክሞ የተመረቀ ባለሙያ ወደ ቀድሞ የወረቀት ሥራው ብቻ ከተመለሰ፣ የሚባክነው የእርሱ ድካም ብቻ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ነገ በሚቀርብለት የናኖ ምርት ላይ ራሱ መዝኖ የመወሰን አቅሙም አብሮ ይባክናል። በመሆኑም የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ለሠራተኛው የትምህርት ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሲመለስ የሚሠራውን ሥራ በዚያው ደብዳቤ ላይ ቢያሰፍሩ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።