ምዕራፍ ሰባት፦ በመሶባችን ስላለው ፖታሲየምና ስለ ልብ ጤንነት

ስለ ልብና ስለ ደም ግፊት የሚያስተምር ሰው፣ በሬዲዮም ይሁን በማኅበር ጠበል ላይ፣ የፖታሲየምን ነገር ባነሣ ጊዜ ንግግሩን «ሙዝ ብሉ» በሚል ቃል ጀምሮ በዚያው ቃል ሲፈጽመው መስማት እኔን ከማሳዘን አልፎ ያስቈጣኛል። ትምህርቱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ በጎደሎነቱም የሚጎዳው እዚሁ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖረውን፣ ደመወዙን ለቤት ዕዳና ለመጓጓዣ ከፍሎ በተረፈችው ገንዘብ ጉሊት ፊት የሚቆመውን ሰው ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ የሚይዘው ፖታሲየም 420 ሚሊግራም ያህል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም እንዲያገኝ ይመክራል፤ እንግዲህ በሙዝ ብቻ እንሙላው ብንል በየቀኑ ከስምንት በላይ መላጥ ሊኖርብን ነው። በዚህ ምዕራፍ ላሳይ የምወደው፣ የምንፈልገው ፖታሲየም ከጥንት ጀምሮ በመሶባችን ውስጥ መኖሩን፣ እኛ ግን ከፊሉን ከቅቅል ውሃ ጋር ደፍተን በቀረው ላይ ጨው እያበዛን ጥቅሙን ማሳጣታችንን ነው።

ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት አንባቢ አንድ ቤተ ክርስቲያን በዓይነ ሕሊናው ይሣል። ሕዋስ መቅደስ ናት፤ ፖታሲየም በውስጧ የሚያገለግለው ካህን ነው፤ የገበታ ጨው ግማሽ አካል የሆነው ሶዲየም ደግሞ በቅጽሩ የቆመው ምእመን ነው። በሰውነታችን ካለው ፖታሲየም ከመቶ 98 ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ ሲኖር፣ በደምና በሌላው የውጭ ፈሳሽ የሚገኘው ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነው፤ ሶዲየም ግን አብዛኛው በውጭ ነው። ይህ ሥርዓት ያለ ጠባቂ ጸንቶ አይኖርም። በእያንዳንዷ ሕዋስ ደጃፍ ላይ ዐፃዌ ኆኅት ቆሞ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ እያወጣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ለድካሙም ከምንበላው እህል የሚገኘውን ኃይል ደመወዝ አድርጎ ይቀበላል። ይህን ዐፃዌ ኆኅት የዴንማርኩ ሊቅ የንስ ስኩ በ1957 እ.ኤ.አ. የሸርጣን ነርቭ ሲመረምር አገኘው፤ ከአርባ ዓመት በኋላም፣ በ1997፣ በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

አሁን የልብን ምት እንመልከት። ደወሉ ሲደወል በሮቹ በቅጽበት ተከፍተው ምእመናኑ፣ ማለት ሶዲየም፣ ወደ ውስጥ ይጎርፋሉ፤ የልብ ጡንቻም ይኮማተራል። ቀጥሎ ካህናቱ በዑደት ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በፖታሲየም መውጣት ሁከቱ ይበርዳል፣ ጡንቻውም ይላላል። ከዚያም ዐፃዌ ኆኅቱ ምእመኑን ወደ ቅጽሩ፣ ካህኑን ወደ መቅደሱ ይመልሳል፤ ይህም በቀን አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይፈጸማል። ካህናቱ ሲያንሱ ዑደቱ ሥርዓቱን ያጣል፤ የልብ ምት ይዛባል ማለት ነው። በተቃራኒው በቅጽሩ ያለው ፖታሲየም ከልክ ካለፈ የውስጡና የውጩ ልዩነት ይጠብባል፤ ደወሉም፣ ማለት የልብ ምቱ፣ እስከ መቆም ሊደርስ ይችላል። ዲያቆኑስ ማን ነው ቢሉ ማግኒዥየም ነው፤ ዲያቆን በጎደለ ጊዜ ካህኑ በመቅደሱ አይጸናምና፣ ማግኒዥየም ያነሰው በሽተኛ ፖታሲየም ቢሰጡት እንኳ በሽንቱ እያፈሰሰ ያስቸግራል። የደብሩ ገበዝ ኩላሊት ነው። ካህናቱ በብዛት በደረሱ ጊዜ ገበዙ ምእመናኑ ተመልሰው የሚገቡባትን የጓሮ በር ይዘጋል፤ ሶዲየም ውሃን አስከትሎ በሽንት ይወጣል፣ የደም ሥሮችም ከጫና ያርፋሉ። ካህናቱ ባነሱ ጊዜ ግን ገበዙ ያሉትን ላለማጣት ሲል ያችን በር ይከፍታታል፤ ሶዲየምም ወደ ደም ይመለሳል። የፖታሲየምና የደም ግፊት ነገር ዋና ቁልፉ በዚህች የጓሮ በር ላይ ነው፤ «ፖታሲየም ደም ያቀጥናል» ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች ይህችን በር ቢያውቋት ኖሮ እንዲያ ያለ ነገር ከአፋቸው ባልወጣ ነበር።

እንግዲህ እስከዚህ የተባለውን ብናጠቃልለው፣ ፖታሲየም በሕዋስ ውስጥ የልብን ምት ሥርዓት ይጠብቃል፣ በኩላሊት በኩል ደግሞ የጨውን ጉዳት ይቀንሳል። ስለዚህ ስለ ፖታሲየም ተናግሮ ስለ ጨው ዝም ማለት አይቻልም። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከዐዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳላቸው፣ አማካይ የጨው ፍጆታችንም በቀን ከ8 ግራም በላይ እንደ ሆነ ታይቷል፤ የተፈቀደው ልክ ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ ጨው በአመዛኙ የሚገባው ከፋብሪካ ምግብ ሳይሆን በገዛ እጃችን ነው፤ በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባበታል፣ ወጡ ሲወጣም ባለሙያዋ ቀምሳ እንደ ገና ትጨምርበታለች።

በሥራዬ ምክንያት ካገኘኋቸው ሰዎች አንዷ በኮዬ ፈጬ በአራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ነበሩ። ግፊታቸውን ለክቼ ከፍ ብሎ ስላገኘሁት «እማማ፣ መድኃኒትዎን አቋርጠዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኪኒኑንስ አላቋረጥሁም ልጄ፤ ያቋረጥሁት ሙዙን ነው፤ ተወደደብኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ኃጢአት የሚናዘዝ ሰው ድምፅ ነበረ። ሙዝ ካልበሉ ልባቸው እንደሚጎዳ የነገራቸው ሰው ሌላ ምንም አልነገራቸውም። «ታዲያ ምን ይመገባሉ?» ብላቸው «ምን እበላለሁ ብለህ ነው፤ ያው ሽሮ ነው፣ ጎመን ነው፣ አንዳንዴም ድንች» ብለው ነገሩን ሁሉ በእጃቸው ወዲያ አሉት። የጎመኑን አሠራር በዝርዝር ስጠይቃቸው በብዙ ውሃ ይቀቅሉታል፣ ውሃውን ይደፉታል፣ የቀረውን ደግሞ በመዳፋቸው እስኪደርቅ ይጨምቁታል። በብሎኩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ ያን ውሃ ልጃቸው በጀሪካን አራት ፎቅ ተሸክሞ ያወጣዋል፤ እሳቸውም የጎመኑን ፖታሲየም በውስጡ አሟሙተው በመታጠቢያው ይለቁታል። ፖታሲየም በእሳት አይጠፋም፤ በውሃ ግን ይሟሟል፣ ውሃው የሄደበትም አብሮ ይሄዳል። ድንችን ልጦና ከትፎ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ከፖታሲየሙ ግማሽ ያህሉን ሊያሳጣ ይችላል፤ ከነልጣጩ የተቀቀለ ግን አብዛኛውን ይዞ ይቀራል። ጎመኑም በጥቂት ውሃ፣ ተከድኖ፣ በገዛ እንፋሎቱ ቢበስልና የቀረችው ውሃ ከቁሌቱ ጋር ብትደባለቅ የሚጣል ነገር የለም። ሽሮ ግን ከሁሉ ይልቃል፤ እህሉ ራሱ ተፈጭቶ ከነውሃው የሚበላ ስለ ሆነ የሚደፋ ነገር የለውም።

ያች እናት በእጃቸው ወዲያ ያሉት እህል የበቀለበት መሬት ደግሞ እግራቸው የቆመበት ነበረ። ኮዬ ፈጬ ሕንፃ ሳይሠራበት የጤፍ፣ የሽምብራና የምስር ጥቁር አፈር ነበር፤ ሽምብራው ክረምቱ ሲያልፍ ተዘርቶ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል፤ ለእሸት ሲደርስም ከቢሾፍቱ በሚመጣው መንገድ ዳር ከነአገዳው እየታሰረ ይሸጣል። ስለዚህ አፈር አንድ ክርክር አለ፣ ሳልነካው ማለፍም አይሆንልኝም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ መርፊ የተባለው በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የነበረ ሊቅ የአገራችንን አፈር መርምሮ በፖታሲየም የበለጸገ እንደ ሆነ ጽፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ለገበሬው የቀረበው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። መርፊ በጊዜው ያየውን ጻፈ፤ ጥፋቱ የአንድ ዘመን ምርመራ እንደ ዘላለማዊ ሕግ መያዙ ነው። ተክል ከአፈር የሚወስደው ፖታሲየም አብዛኛው በአገዳውና በቅጠሉ ይቀራል፤ እኛ ግን የጤፉን ጭድ ለከብትና ለቤት ምርጊት እናነሣለን፣ የከብቱን እበት ኩበት አድርገን እናነዳለን፣ አመዱንም ከደጅ እንበትናለን። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 እ.ኤ.አ. ፖታሲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ከዕፅዋት አመድ ከሚገኝ ጨው ነው፤ እኛ በየማለዳው ከምድጃ ጠርገን የምንጥለው ይህንኑ ነው! ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የአገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ ቦታ ፖታሲየም እንዳነሰ ሲገለጽ አንዳንድ ሰዎች ተደነቁ፤ እኔ ግን የሚደንቀኝ መደነቃቸው ነው። በዳሎል ምድር ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ይቈፍሩት የነበረ፣ በኋላም የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ ያጠናው ታላቅ የፖታሽ ክምችት ተኝቷል፤ የዓድአና የአቃቂ ገበሬ ግን ከዚያ አንድ ኩንታል እንኳ አላየም።

ወደ ገበታው ልመለስ። አንድ ሰው በቀን ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ቢበላ 850 ሚሊግራም ያህል ያገኛል፤ በእንጀራው ላይ ከ50 ግራም የሽምብራ ሽሮ የተሠራ ወጥ ቢፈስበት 420 ይጨምራል፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር በወጥ መልክ 670 ያህል፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ 300 ግራም ድንች ከ1,100 በላይ፣ ግማሽ አቮካዶ ደግሞ 480 ያህል ይሰጡታል። ይህ ሲደመር መመሪያው ያዘዘውን ይሞላል፤ ሙዝም በዚህ ውስጥ የለበትም። አብዛኛው የጾም ምግብ መሆኑንም አንባቢ ልብ ይበል። የሃምሳ አምስቱ ቀን ዐቢይ ጾም የሚያዘወትረን ጥራጥሬ በዚህ ማዕድን ከሥጋ የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ነው፤ ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን ማዕድ ትተው ለዐሥር ቀን የተፈተኑበት ምግብ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ደረቅ ባቄላ እስካሁን ከተጠቀሱት ሁሉ ይበልጣል፤ በ100 ግራም ከ1,000 ሚሊግራም በላይ ይዟል። ቀይ ሥር፣ ዱባና ቆስጣም ከዚሁ ወገን ናቸው። በጭማቂ ቤት አቮካዶው በስኳርና በሽሮፕ ተመትቶ የሚቀርብበትን ልማድ ግን አልወደውም፤ ለልብ ሲሉ የጠጡትን ለስኳር በሽታ ማዋጣት ነውና።

በሌላው ዓለም ደግሞ ፖታሲየምን በጨው ዕቃ ውስጥ ማስገባት ተጀምሯል። በቻይና በ600 መንደሮች ሃያ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች ግማሾቹ ሦስት እጅ የተለመደ ጨውና አንድ እጅ ፖታሲየም ክሎራይድ የተቀላቀለበትን ጨው ለአምስት ዓመት ያህል ተመገቡ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤትም በእነዚህ ዘንድ በአንጎል ደም ሥር አደጋ የመያዙ መጠን ከመቶ 14 እንደ ቀነሰ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 መጀመሪያ ላይ ኩላሊታቸው ላልታመመ፣ ነፍሰ ጡርም ላልሆኑ ዐዋቂዎች እንዲህ ያለውን ጨው መክሯል። ይህ ለእኛ ከማንም ይልቅ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ጨዉን የምንጨምረው በቤታችን ስለ ሆነ የምንለውጠውም በቤታችን ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ አዮዲን በአገሩ ጨው ሁሉ እንዲገባ እንደ ተደረገ፣ ይህም ሊታሰብ ይገባል።

አሁን የምናገረውን ግን ኩላሊቱ የታመመ ሰው ከላይ ካለው ሁሉ አስበልጦ ያንብበው። ገበዙ ሲደክም ፖታሲየም ወደ ውጭ አይወጣም፤ በደም ውስጥ ተከማችቶ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ምክሩ ይገለበጣል፤ ድንቹን ልጦ፣ ከትፎ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ለእርሱ ጥበብ ነው፤ በፖታሲየም የተቀላቀለ ጨውንም ሊነካው አይገባም። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ፖታሲየም በሰውነቱ እንደሚቆይበት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ የሚወስድ ደግሞ በሽንቱ እንደሚያጣው ይወቅ፤ ሁለቱን ወገን አቀላቅሎ የሚወስድም አለና ከመድኃኒቱ ጋር የሚስማማውን ምግብ ሐኪሙን ይጠይቅ። በደም ምርመራ የሚፈለገው ልክ በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው፤ ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳየነው ምርመራው የሚያየው በቅጽሩ ያሉትን ከመቶ ሁለቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ ቁጥሩ ደኅና መሆኑ በሽተኛው ከምግቡ በቂ ማግኘቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ሐኪሙ «ደምህ ደኅና ነው» ሲለው፣ በሽተኛው በየቀኑ ምን እንደሚበላና ጎመኑንም እንዴት እንደሚቀቅል አክሎ ይንገረው።