የምላጩ አገር ወዴት ነው?

በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ምላጭን ያህል ዋጋው ትንሽ ሆኖ አገልግሎቱ የበዛ ጥቂት ነው። አባወራው ጢሙን ይላጭበታል፤ እመቤቲቱ ክር ትቈርጥበታለች፤ ለሕፃኑ ቍንጮ ተትቶለት የቀረው ጠጕር የሚላጨው በእርሱ ነው፤ ተማሪውም እርሳሱን ይቀርጽበታል። ስለዚህ አንድ ምልክት ለይቶ የለመደ ሰው፥ ምላጩ እንደ ቀድሞው አልቈርጥ ቢለው፥ «ይህ ነገር ዛሬ የሚሠራው ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቁ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በሐዋሳ ከተማ በቡሹሎም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ ሸማች ፓኮውን ቢያገላብጥ፥ ስሙም ቀለሙም ያው ሆኖ ሳለ የተሠራበት አገር ግን ተለውጦ ሊያገኘው ይችላል።

ምላጭ በቅዱሳት መጻሕፍትም የታወቀ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ስለ ሶምሶን ሲተርክ፥ ለእግዚአብሔር የተለየ ናዝራዊ ራሱን በምላጭ እንዳይላጭ የተከለከለ መሆኑን ያስረዳናል። ያ የጥንቱ ምላጭ ግን አንጥረኛ የሚሠራው፥ እየተሳለም ብዙ ዘመን የሚያገለግል ነበር። ሲደንዝ የሚጣለውን ስስ ምላጭ ያስገኘው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ኩባንያውን በቦስተን ከተማ ያቋቋመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ነው። ብረትን እንደ ወረቀት አሳስቶ ማጠንከርና መሳል አይቻልም ተብሎ ሳለ፥ ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን መሣሪያ አበጀ። በ1903 የተሸጠው 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በሚከተለው ዓመት ግን የመያዣው ቍጥር ከ90 ሺህ በላይ ሆነ።

የምላጭ ስም ከአገር ወደ አገር እንደሚሰደድ ለማስረዳት አስትራ የተባለው ምልክት ጥሩ ምሳሌ ነው። አስትራ በመጀመሪያ የቼኮች ምላጭ ነበር። በኋላ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት፥ በጂሌት እጅ ገባና ሥራው በሩሲያ አገር በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ወዳለው ፋብሪካ ተዛወረ። ጂሌትም ራሱ በ2005 ለፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ተሸጠ። በ2022 ጦርነት ተነሥቶ የሩሲያ ንግድ ከታወከ ወዲህ ደግሞ «በህንድ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የአስትራ ፓኮዎች በገበያ ታዩ። እንግዲህ አንዱ ስም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት አገር ዞረ ማለት ነው።

ነገር ግን «የተሠራበት አገር» ማለት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የማይዝገው ምላጭ ከመቶው ዐሥራ ሦስት ያህል ክሮሚየም ካለበት ብረት የሚሠራ ሲሆን፥ ውፍረቱ ከሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ አይበልጥም። ብረቱ በአንድ አገር ቀልጦና ተዳምጦ በጥቅል ይላካል፤ በሌላ አገር ተበስቶ፥ በእሳት ጠንክሮና ተስሎ፥ ስለቱ በስስ ሽፋን ይቀባል። ስለዚህ የምላጩን ጠባይ የሚወስነው የአገሩ ስም ብቻ ሳይሆን የብረቱ ዓይነት፥ የእሳቱ ልክ፥ የስለቱ ማዕዘንና የሽፋኑ ጥራት ነው። ይህ ሁሉ ተጠብቆ ከሆነ ፋብሪካው አገር በመለወጡ ብቻ ምላጩ ሊነቀፍ አይገባውም።

ይህን ለመረዳት የሐዋሳ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ ነው። የአሜሪካ ነጋዴ ስም ያለበት ሸሚዝ በሐዋሳ ሴት ልጅ እጅ ተሰፍቶ ባሕር ሲሻገር፥ ገዢው የሚያየው የነጋዴውን ስም እንጂ የሰፊዋን ድካም አልነበረም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ በወጣች ጊዜ ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወደ ሌላ አገር ወሰዱ፤ ስሙ ተጓዘ፥ ሠራተኛዋ ቀረች። የእኛ ልጆች የሰፉት ልብስ በአገሩ ስም እንዳይናቅብን የምንወድ ከሆነ፥ ሌላው ሕዝብ የሳለውንም ምላጭ በአገሩ ስም ብቻ ልንንቅ አይገባንም።

ሆኖም አለመናቅ ማለት አለመመርመር ማለት አይደለም። በመጀመሪያ፥ ብዙ ሰዎች በፓኮው ላይ ካለው የመስመር ኮድ የመጀመሪያዎቹን አኃዞች አይተው አገሩን ያወቁ ይመስላቸዋል፤ አኃዞቹ ግን ቍጥሩ ከየትኛው አገር ድርጅት እንደ ተሰጠ እንጂ ዕቃው የት እንደ ተሠራ አይገልጹም። መነበብ ያለበት «የተሠራበት» የሚለው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛ፥ ጽሑፉ የደበዘዘ፥ ፊደሉ የተዛባ፥ መጠቅለያው የተከፈተ ምላጭ የሐሰት ወይም የታደሰ ሊሆን ስለሚችል አይገዛ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አዋጅ ቍጥር 813/2006 ስለ ደነገገ፥ ባለሱቁን መጠየቅ ነውር አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ የሐሰትን ሚዛን እንደሚያወግዝ የሚያውቅ ክርስቲያን ነጋዴም፥ የሐሰት ስም ያለበትን ዕቃ መሸጥ ከዚያ የተለየ እንዳልሆነ ይወቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የትም ይሠራ የት፥ ሌላ ሰው የተላጨበት ምላጭ ለማንም ደኅና አይደለም። በአንዱ ምላጭ አባትና ልጅ ቢላጩበት፥ ለዋግምት ብዙ ሰው ቢበጣበት፥ የጉበት በሽታና ኤች.አይ.ቪ. ከደም ወደ ደም ሊተላለፍ ይችላል። የሕፃን እትብት ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ቢቈረጥ መንጋጋ ቈልፍ የተባለው በሽታ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ በቡሹሎ ያለች ነፍሰ ጡር ምጥ ሲጀምራት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ እንጂ በቤት ውስጥ ምላጭ አይፈለግላት። ጠጕር አስተካካይ ዘንድ የሄደም ሰው አዲሱ ምላጭ በፊቱ ከመጠቅለያው እንዲወጣ ይጠይቅ። ያገለገለውም ምላጭ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ስፍራ ርቆ፥ በክዳን ቆርቆሮ ተጠራቅሞ፥ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

የምላጩ አገር ነገም ሊለወጥ ይችላል፤ የነጋዴው እውነተኛነትና የቤተ ሰቡ ጥንቃቄ ግን በእኛው እጅ ያሉ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን የጠበቀ ቤት የፋብሪካው መዛወር አያሳስበውም።