የሚመለሰው 40 ዶላር ስንት ነው?

ደብረ ወርቅ ላይ ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ፎቶ ቤት እንውሰድ። ጥር ሲገባ ባለቤቱ በሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ይቀርጻል እንበል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ የፎር ኬ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ ለአንድ ሠርግ 360 መሆኑ ነው። ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሁለት ሠርግ ይዞ ለሦስተኛው አይበቃም። እንግዲህ ለዚህ ሰው ሃርድ ዲስክ እንደ መብራትና እንደ ቤት ኪራይ የማይቀር ወጪ ነውና ርካሹን ቢያፈላልግ አይፈረድበትም።

አሜሪካ ዘመድ ካለው አንድ ቀን «በ80 ዶላር አገኘሁልህ» የሚል መልእክት ይደርሰው ይሆናል። ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ያ 80 ዶላር የመደርደሪያው ዋጋ ነው ወይስ «ሜይል ኢን ሪቤት» የሚሉት በፖስታ የሚመለስ ቅናሽ ከተነሣለት በኋላ ያለው? ሁለተኛው ከሆነ ዘመድ ካሸሩ ፊት የሚከፍለው 120 ነው። ከዚያ ከካርቶኑ ላይ ባርኮዱን በመቀስ ቆርጦ፣ ከደረሰኙና ከተሞላው ቅጽ ጋር አሽጎ ይልካል። 40 ዶላሩ በቼክ የሚመጣው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። የመላኪያው ቀን ካለፈ ወይም በባርኮዱ ፈንታ ፎቶ ኮፒው ከተላከ ገንዘቡ ቀረ። ካርቶኑ የተቆረጠበትን ዕቃ ደግሞ ሱቁ አልመልስም ሊል ይችላል።

ስሌቱን እንሥራው። የሽያጭ ታክሱ 8 በመቶ ቢሆንና እንደተለመደው በሙሉው 120 ላይ ቢታሰብ፣ ከኪስ የሚወጣው 129 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። ቼኩ ከመጣ ዕቃው በ89 ከ60 ተገዛ። ጎረቤት ያለው ሱቅ ያንኑ ዲስክ ያለምንም ወረቀት በ95 ቢሸጠው፣ ከነታክሱ 102 ከ60 ይሆናል። በአንድ ግዢ የፖስታው መንገድ በ13 ዶላር ይረክሳል። ሦስት ዲስክ ገዝቶ ከሦስቱ ቼኮች አንዱ ቢቀር ግን የፖስታው ጠቅላላ ወጪ 308 ከ80፣ የጎረቤቱ 307 ከ80 ነው። ያ ሁሉ መቀስና ፖስታ አንድ ዶላር አከሰረ ማለት ነው።

ቅናሹን የሚሰጠው አምራች ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ገበያ ውስጥ ጊዜ ያለው ሰው ተከራክሮ ዋጋ ያስወርዳል፤ የቸኮለው የተጠራለትን ከፍሎ ይሄዳል። ሪቤትም ይኸው ክርክር ወረቀት ላይ ወጥቶ ነው። ታጋሹ 40 ዶላሩን ያስመልሳል፤ የረሳው ሰው ገንዘብ ደግሞ ለታጋሹ የተሰጠውን ቅናሽ ይሸፍናል። ደንበኛ እየተማረረ ሲመጣ፣ ቤስት ባይ የተባለው ትልቅ ቸርቻሪ በፈረንጆች 2005 ይህን አሠራር በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚተው አስታውቆ ነበር።

እኛ ዘንድ ሌላም ሒሳብ አለ፦ የብሩ ዋጋ። የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በ57 ብር ሒሳብ 80 ዶላር 4,560 ብር ነበር። «ይርከስ» ብሎ የጠበቀ ሰው ዋጋው 60 ዶላር ቢወርድለት እንኳ፣ በ100 ብር ሒሳብ 6,000 ይከፍላል። በዶላር ሩቡ ተቀንሶለት በብር 1,440 ጨመረ።

ከመርካቶ ያገለገለ መግዛትም የራሱ ስሌት አለው። ሻጩን «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈትልኝ» ማለት ነውር የለውም፤ ፕሮግራሙ ዲስኩ በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 35,000 የሚል ከታየ፣ ያ ዲስክ አራት ዓመት ያህል ሌት ተቀን ዞሯል። ባለ አንድ ቴራባይቱ ኮምፒውተር ላይ 931 ቢል ግን ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1,000፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። ዋስትናንም በርቀት መመዘን ይገባል። የተበላሸውን ለማስቀየር በቢቸናና በደጀን አድርጎ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ የሚወጣው የመኪናና የአልጋ ሒሳብ ሲደመር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ ተወዶ የሚሸጠው ዲስክ ሊረክስ ይችላል።

ወደ ዘመዱ እንመለስ። ፎቶ ቤቱ 80 ዶላር ብሎ መዝግቧል፤ ዘመድ ከኪሱ 129 ከ60 አውጥቷል። ቼኩ ቢቀር «ቀረ» ብሎ ለመናገር ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ልዩነቱን ውጦ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ዲስክ ሲጠየቅ ግን «ዘንድሮ ቅናሽ የለም» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ባለ ፎቶ ቤቱ ሙሉውን 129 ከ60 ይክፈል፤ ቼኩ ከመጣ ለደከመው ዘመድ ይሁን። በዚህ መንገድ 40 ዶላሩ ቢመጣም ቢቀርም የሚከፋው ሰው የለም።