የሕፃናት ሰነፍ ዓይን በምን ይታወቃል?



የሕፃን ዓይን ሲቀላ ወይም ሲያነባ እናት ወዲያው ታውቃለች። ዛሬ የምንነጋገርበት ሕመም ግን አይቀላም፤ አያብጥም፤ አያምም። ሕፃኑም ራሱ አይናገረውም፤ በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋልና። ይህ ሕመም «ሰነፍ ዓይን» ይባላል። ከመቶ ልጆች ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑትን እንደሚያገኝ ይገመታል።

ለመሆኑ ዓይን እንዴት ይሰንፋል? ዓይን ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል ይልካል እንጂ የታየውን ለይቶ የሚያውቀው አንጎል ነው። ይህም ችሎታ በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት በልምምድ የሚገኝ ነው። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ የደበዘዘ ምስል የላከ እንደ ሆነ አንጎል የጠራውን ይዞ የደበዘዘውን ይተወዋል። የተተወውም ዓይን ሳይለማመድ ይቀራል። ዴቪድ ሁቤልና ቶርስተን ቪዘል የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በድመት ግልገሎች ላይ ባደረጉት ምርምር ይህንን አስረድተዋል። በግልገልነቱ አንድ ዓይኑ የተሸፈነ እንስሳ ሽፋኑ በኋላ ቢነሣለትም አንጎሉ ከዚያ ዓይን የሚመጣውን በሚገባ መቀበል ተስኖት ተገኘ። ሁለቱም ስለ እይታ በሠሩት ሥራ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል።

ወደዚህ የሚያደርሱት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሸውራራነት ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አንድ ነገር በማይመለከቱበት ጊዜ አንጎል የአንደኛውን ምስል ይተወዋል። ሁለተኛው የሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ልክ መበላለጥ ነው። ሦስተኛው ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክል ነገር ነው፤ ይኸውም የዓይን ሞራ ወይም ወርዶ ብሌኑን የሸፈነ የዓይን ቆብ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ሁለተኛው ነው፤ ዓይኖቹ ሲያዩዋቸው ቀጥ ያሉና ያማሩ ናቸውና።

እንግዲህ ወላጅ ምን ይመልከት? ልጁ ዘወትር ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚያይ፣ አንድ ዓይኑን እየጨፈነ የሚመለከት፣ ወይም ዓይኑ ወደ አፍንጫው ወይም ወደ ጆሮው የሚሸሽ መሆኑን ያስተውል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዓይን አልፎ አልፎ ቢባዝን አያስደነግጥም፤ ከአራት ወር በኋላ ግን መመርመር ያስፈልገዋል።

ምንም ምልክት ባይታይም፣ በዕረፍት ቀን ከልጅዎ ጋር ሲጫወቱ አንድ ዓይኑን በመዳፍዎ ሳይጫኑ ይሸፍኑለት። ጨቅላ ከሆነ አንዱ ሲሸፈን ዝም ብሎ ሌላው ሲሸፈን የሚያለቅስና እጅዎን የሚገፋ እንደ ሆነ፣ የሸፈኑት የሚያይበትን ዓይን ሊሆን ይችላል። አራት ዓመት የሞላው ከሆነ ራቅ ያለ ሥዕል እያሳዩ በአንድ በአንድ ዓይኑ ይጠይቁት። በጣቶችዎ መካከል አጮልቆ እንዳያይ ይጠንቀቁ። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ካልመለሱ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። እኩል ቢመልሱም እንኳ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ማስመርመር ይገባል።

የዓይን ሐኪሙ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻው በሰሌዳ ይፈትናል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሦስት ጣት ያለው ምልክት ወደ የት እንደ ዞረ በእጁ ያሳያል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል የሁለት መስመር ልዩነት መገኘት ያጠራጥራል። ቀጥሎም አንዱን ዓይን ሸፍኖ ሌላው ይንቀሳቀስ እንደ ሆነ ይመለከታል፤ በመብራትም የብሌኑን ውስጥ ያያል። በዚህ ጊዜ በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር የታየ እንደ ሆነ ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ መዘግየት አይገባም። ከዚያም ብሌኑን የሚከፍት ጠብታ ጨምሮ የመነጽሩን ልክ ይለካል። ከጠብታው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ቢያስቸግረውና የቅርቡ ነገር ቢደበዝዝበት ወላጅ አይደንግጥ።

ዓይኑ በትክክለኛ መነጽር ወዲያው አጥርቶ ያየ እንደ ሆነ ጉድለቱ የመነጽር ብቻ ነበር። የዓይኑ አካል ጤነኛ ሆኖ ሳለ በመነጽርም አጥርቶ ያላየ እንደ ሆነ ግን ሰነፍ ዓይን የሚባለው ይህ ነው።

ሕክምናውም ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ መነጽር ይታዘዛል፤ ይህ ያልበቃ እንደ ሆነ ደካማው ዓይን እንዲሠራ ደኅነኛው በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። ጉድለቱ መካከለኛ ለሆነ ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ብዙ ጊዜ ይበቃል። በመሸፈኛው ፋንታ በደኅነኛው ዓይን የሚጨመር ጠብታም አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን ማንም ዓይን አይሸፍን፤ ደኅነኛው ራሱ ሊሰንፍ ይችላልና።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አነጋገር ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ሕክምናው ከሰባት ዓመት በፊት ሲጀመር እጅግ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው ባይቋረጥም እየቀነሰ ይሄዳል። ሰነፍ ዓይን ያለው ሰው ደግሞ ደኅነኛው ዓይኑ በአደጋ ቢጠፋበት የሚተማመንበት ሌላ ዓይን አይኖረውም። ስለዚህ «መነጽር ለሕፃን አያምርም» ብላችሁ ጊዜውን አታሳልፉበት። ሰነፉ ዓይኑ እንጂ ልጁ አይደለምና፤ መነጽሩን ሲጠላና መሸፈኛውን ሲነቅል ሳትቆጡ አባብላችሁ አስለምዱት።