የብስክሌት ማስተካከያ ብሎኖች በንዝረት እንዳይላሉ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ሀደሮና አካባቢው በዝንጅብል ምርት የታወቀ ነው። በ2004 ዓ.ም. ግን በባክቴሪያ የሚመጣው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በአካባቢው ተስፋፍቶ በገበሬው ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ። በሽታው የሚዛመተው በተበከለ ዘር፣ በአፈርና በውኃ ነው። ስለዚህ የጠወለገ ተክል ቶሎ ታይቶ መነቀል አለበት፤ ለዚህም የልማት ሠራተኛው በየማሳው አዘውትሮ መገኘት ይኖርበታል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ፣ ነዳጅ የማይጠይቀው ብስክሌት ለዚህ ሥራ ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

ሆኖም በኮረኮንችና በቁልቁለት መንገድ ላይ ብስክሌትን ከሥራ የሚያስወጣው ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም። የጣት ጫፍ የማታክል ብሎን ትበቃዋለች። የፍሬን ማስተካከያዋ ስትላላ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ አልይዝ ይላል። የማርሽ መገደቢያዋ ስትዞር ደግሞ ሰንሰለቱ ከመጨረሻው ጥርስ አልፎ ከኋላ ጎማው ሽቦዎች ጋር ሊጠላለፍ ይችላል። ጉብኝቱ ይቀራል፤ ሰውም ይጎዳል።

ለምን ይላላሉ?

በብስክሌት ላይ ሁለት ዓይነት ብሎኖች አሉ። አንደኛው የማጥበቂያ ብሎን ነው። ይህ በደንብ ሲጠብቅ ብረቱ በጥቂቱ ስለሚወጠር ጥርስ ከጥርስ ተጨናንቆ በቦታው ይቆያል። ሁለተኛው የማስተካከያ ብሎን ነው። ይህኛው በተፈለገው ልክ ላይ እንዲቆም እንጂ እስከ መጨረሻው እንዲጠብቅ አልተሠራም። ወጥሮ የሚይዘው ስለሌለ በጥርሶቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ብሎኑ በዚያ ክፍተት ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት በጥቂት ይዞራል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት፣ የጠበቀ ብሎን እንኳ ወደ ጎን በሚያንቀሳቅሰው ንዝረት ራሱን ሊፈታ እንደሚችል በሙከራ አሳይቷል። ያልጠበቀውማ ይብስበታል። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ ብሎን በሙሉ ዙር የሚሄደው 0.8 ሚሊሜትር፣ በሩብ ዙር 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የማርሽን አሠራር ለማዛባት ግን ሩብ ዙር ሊበቃ ይችላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ የማስተካከያ ብሎንን በኃይል ማጥበቅ አይደለም። በኃይል ከተጠበቀ ልኩ ይዛባል፣ ጥርሱም ይበላል። መድኃኒቱ በልኩ ላይ እንዳለ የሚይዘው ሌላ ነገር ማበጀት ነው።

አሠራሩ

1. ብሎኑ ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ቆጥሮ መያዝ። ጥርሱን ከጭቃና ከቅባት በጨርቅና በጥቂት ቤንዚን፣ ከእሳት ርቆ፣ ማጽዳትና ማድረቅ።

2. መቆለፊያ ዳዶ ያለው ከሆነ ልኩን አስተካክሎ፣ ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር በእጅ ይዞ፣ ዳዶውን ማጥበቅ።

3. በሞላ የሚያዝ ከሆነ የዛገውን ወይም የደከመውን ሞላ መለወጥ። ሞላው ሳይኖር ብሎኑን ብቻ መመለስ አይገባም።

4. ሁለቱም ከሌሉ በጥርሱ ላይ አንድ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ ማድረግ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው (ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ) ይመረጣል፤ ቀዩ ለመፍታት ያስቸግራል። ፕላስቲክ ስለሚጎዳ በፕላስቲክ ዕቃ ላይ አይደረግም። ማጣበቂያው ካልተገኘ የጥፍር ቀለም ወይም የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ይረዳል። ቴፍሎኑ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ አንድ ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል። ማጣበቂያውም ሆነ ቀለሙ ሳይደርቅ ልኩን መጨረስ ያስፈልጋል፤ ቸርኬውንና የፍሬኑን ጎማ እንዳይነካም ጥንቃቄ ይደረግ።

5. በመጨረሻ ከብሎኑ ራስ ተነሥቶ እስከ ተገጠመበት አካል የሚደርስ ቀጭን የቀለም መስመር ማስመር። መስመሩ ተቆርጦ ከታየ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ዘዴ ለማስተካከያ ብሎኖች ነው። ጎማን፣ መሪንና ፍሬንን የሚይዙት የማጥበቂያ ብሎኖች በትክክለኛ መፍቻ መጥበቅ አለባቸው። በቢላዋ ጫፍ መፍታት የብሎኑን ራስ ያበላሻል።

ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚጠበቀው

ለእያንዳንዱ ብስክሌት ለየብቻ ከመግዛት ይልቅ አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ፣ በልክ የተለዩ ትናንሽ ብሎኖችና ዳዶዎች፣ ለብሎኑ ራስ የሚስማማ ካቻቢቴ በማኅበሩ መጋዘን ቢቀመጡ ብዙ ብስክሌቶችን ያገለግላሉ።

ከበሽታ ማሳ ሲወጡ ጭቃው ወደ ጎረቤት ማሳ በሽታ እንዳይወስድ ጫማንና ጎማን እዚያው ማጠብ ግዴታ ነው። ያን ጊዜ የቀለም መስመሮቹንም መመልከት ይለመድ። ከመነሣት በፊትም የፍሬኑ እጀታ ይጨበጥ፤ መሪውን እስኪነካ ከመጣ ብስክሌቱ ሳይስተካከል አይነዳም።