የትኬቱ ሰዓትና የስኳር ኪኒናችን

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው።

አንዲት እናት ዋሽንግተን ያሉ ልጆቻቸውን ጠይቀው በተመለሱ ሳምንት፣ እዚህ ያለችው ልጃቸው ወደ ፋርማሲያችን መጣች። እናቷ የገቡ ዕለት ቁርስ ሳይቀምሱ ተኙ። ላብ ሲያጠምቃቸው ቤተሰቡ «የመንገድ ድካም ነው፣ ይረፉ» ብሎ በሩን ዘጋላቸው። ደግነቱ የልጅ ልጃቸው ገብታ ስትቀሰቅሳቸው ንግግራቸው ተወላገደባትና ጮኸች። ሲለካ ስኳራቸው በጣም ወርዷል። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። «ኪኒናዋን አንድም ቀን አላዛነፈችም እኮ!» አለችኝ ልጅቷ። ችግሩም እሱው ነበር።

እስቲ ትኬቱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ 4፡30 ተነስቶ ጠዋት 2፡30 የሚደርስ በረራ የ10 ሰዓት መንገድ ይመስላል። (ትኬቱ ላይ የሚጻፈው 22፡30 እና 08፡30 ተብሎ ነው፤ ይኼ ራሱ ስንቱን አሳስቷል!) ዋሽንግተን ግን ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በ7፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። በ7ቱ ብናሰላው እንኳ መንገዱ 17 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጅም ጭነትም ሞልቶ መነሳት ስለሚከብደው ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ በ13 ሰዓት ተኩል ገደማ በቀጥታ ይገባል።

አደጋው ያለው በዚህ መመለሻ ላይ ነው። እኚህ እናት የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ጠዋትና ማታ ነው። የማታውን በዋሽንግተን አንድ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ዋጡ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ነግቷልና የጠዋቱን በሁለት ሰዓት ደገሙ። በሰዓቱ ነው፣ አይደል? በዋሽንግተን ግን ገና ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ሁለቱ ኪኒናዎች በ12 ሳይሆን በ6 ሰዓት ልዩነት ተገናኙ፤ ያውም በባዶ ሆድ።

ስለዚህ የእጅ ሰዓታችሁን እስክትደርሱ አትቀይሩት። የሚቆጠረው ካለፈው ኪኒና ወዲህ ያለው ሰዓት ነው። ግሊቤንክላማይድ ምግቡ ፊታችሁ ሳይቀርብ አይዋጥም። ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ትኬቱን ይዛችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መጠኑን በራሱ ግምት አይቀንስ፣ አይዝለል። በረመዷን የሚበር የስኳር ሕመምተኛ ሕመሙም መንገዱም ሩኽሷ ያሰጡታልና ራሱን አያስጨንቅ።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መደናገር ከመጣ ጭማቂ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ተምርም በኪስ ይኑር። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት!

ኪኒናውም ኢንሱሊኑም ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዝ። በዕቃ ክፍል የተጫነ ኢንሱሊን በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይወጋም፣ ይጣላል።